የጉናን ውኃ ለማለስለስ ጨው አያስፈልግም

ደብረ ታቦር ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ሱቅ በር ላይ ቆም ብሎ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ማሞቅ ያቆመ የሻወር ማሞቂያ ይመጣል። ጠጋኙ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትቶ ኮይሉን ስቦ ያወጣዋል። የሚወጣው የሚያብረቀርቅ ብረት አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ግራጫማ ነጭ ቅርፊት የለበሰ፣ ሲነኩት እጅ የሚሻክር ነገር ነው። በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ በቁራጭ በቁራጭ ይረግፋል። ከሥሩ ያለው ብረት ጠቁሯል፤ አንድ ቦታ ላይ ተተርትሯል። ከረገፈው ቁራጭ አንዱን አንስተው ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ወዲያው መፍላት ይጀምራል፤ ጥቃቅን አረፋ እየተፋ ያልቃል።

አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ያው ማዕድን። ኮይሉን የገደለውም ይኸው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፤ ብረቱ የፈጠረውን ሙቀት ለውኃው ማስረከብ ሲያቅተው በራሱ ሙቀት ይቃጠላል።

በማንቆርቆሪያው ግርጌ የሚቀረው ነጭ ነገር፣ በሻወሩ ቀዳዳዎች ላይ የሚጋገረው፣ ልብስ ሲታጠብ ሳሙናው አላረፋ ብሎ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ዝቃጭ ሁሉ ምንጩ አንድ ነው፦ በውኃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም። እነዚህ ሁለቱ የበዙበት ውኃ ጠንካራ ውኃ ይባላል። በዓለም ገበያ ለዚህ የሚሸጠው የታወቀ መድኃኒት ጨው የሚሞላ ማለስለሻ ማሽን ነው። ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ይህ ማሽን ትክክለኛ መልስ አይደለም። ምክንያቱም ያለው በከተማው ሥር በተነጠፈው ድንጋይ ውስጥ ነው።

ድንጋዩ ይወስናል

ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የአካባቢው የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከዚህ ከፍታ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይወርዳሉ። ተራራው ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበረ እሳተ ገሞራ ነው። የቆመበት ደጋም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የተሠራ ነው። ስለዚህ ፋርጣን፣ እስቴን፣ ላይ ጋይንትን የሚያለብሰው ድንጋይ በአብዛኛው ባሳልት ነው፤ አጥር የሚታጠርበት፣ ቤት የሚመሠረትበት ጥቁር ድንጋይ።

ዝናብ ሲወርድ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ የሟሟ ማዕድን የለበትም። መሬት ሲገባ ግን ከሥራሥርና ከበሰበሰ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበትና ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ ባሳልቱን ቀስ በቀስ ይበላል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ከድንጋዩ እየተላቀቁ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ፤ ባይካርቦኔት የሚባለው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ልጅም አብሯቸው ይሄዳል። ከተራራው ጎን ቶሎ የሚፈልቅ ምንጭ ከድንጋዩ ጋር የቆየበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀለል ይላል። ብዙ ዘመን በስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣው ደግሞ ይከብዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከምንጭ የሚጠጣ ሰፈርና ከጉድጓድ የሚጠጣ ሰፈር የማንቆርቆሪያቸው ግርጌ ላይመሳሰል የሚችለው በዚህ ነው።

ይህን ከሌሎች የአገራችን ከተሞች ጋር ማነጻጸር ጥሩ ነው። መቀሌ ከዓይናለም የጉድጓድ መስክ ውኃ ስትቀዳ ኖራለች፤ እዚያ ያለው ድንጋይ ኖራ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ ነው፤ በየመካከሉም ጂፕሰም አለ። የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለውም በዚሁ ኖራ ድንጋይ ምክንያት ነው። ድሬዳዋም በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ቧንቧ የሚዘጋው፣ ብርጭቆ የሚያደበዝዘው ውኃዋ በነዋሪዋ ዘንድ የታወቀ ነው። ከእነዚህ ከተሞች አንጻር የባሳልቱ ደጋ ውኃ መካከለኛ ነው።

ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም፤ የዓይነትም ነው። ካልሲየም ከባይካርቦኔት ጋር ሲሄድ ጥንካሬው ጊዜያዊ ይባላል፤ ውኃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተንናል፣ ካልሲየሙም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ከጂፕሰም የመጣ ካልሲየም ግን ከሰልፌት ጋር ነው የሚሄደው። ይህ ቋሚ ጥንካሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢያፈሉት አይለቅም። የጉና ዙሪያ ውኃ ጥንካሬ በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ እውነት ላይ የቆመ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ቁጥሩ

የውኃን ጥንካሬ ለማወቅ ላብራቶሪ ከመሄድ በፊት በቤት የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። መርሁን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ለሥራ ያዋለው የአበርዲኑ ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ነው። ክዳን ያላቸው ሁለት የውኃ ፕላስቲኮች ይዘጋጁ። በአንዱ ከቧንቧ የተቀዳ፣ በሌላው ንጹሕ የዝናብ ውኃ እስከ ሲሶው ይሞላ። ከደረቅ የልብስ ሳሙና ትንሽ ተፍቆ እኩል እኩል ይጨመር፤ ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና ግን አይሆንም። ሁለቱም በደንብ ይናጡና ይቀመጡ። የዝናቡ ውኃ ወፍራም አረፋ ይዞ ይቆያል፤ ከአረፋው በታች ያለው ውኃ ብዙም አይደፈርስም። ጠንካራው ውኃ አረፋው ቶሎ ይረግፋል፤ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ላዩ ላይ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል። ፍርፋሪው ካልሲየም የበላው ሳሙና ነው። ልብስ ሳያጥብ የቀረ ሳሙና ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው ላብራቶሪ ነው። ናሙናው ላይ ጠቋሚ ቀለም ጠብ ሲደረግበት ወይን ጠጅ ይመስላል። ካልሲየምና ማግኒዚየምን የሚይዘው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለው ኬሚካል በጠብታ በጠብታ ሲጨመርበት ደግሞ በአንዲት ጠብታ ላይ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል። እስከዚያች ጠብታ ድረስ የፈሰሰው መጠን ጥንካሬውን ይነግራል። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ የሚሠራው፣ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ውጤቱ በሊትር ስንት ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ተብሎ ይነገራል። ከ60 በታች ለስላሳ ነው፤ ከ60 እስከ 120 መካከለኛ፤ ከ120 እስከ 180 ጠንካራ፤ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ ልክ 300 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ረገድ ምንም ገደብ አላስቀመጠም፤ ምክንያቱም ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ቅርፊቱ በግልጽ ማስቸገር የሚጀምረው ከ200 አካባቢ በላይ እንደሆነም ይኸው ድርጅት ያስረዳል። በሌላው ጫፍ፣ ከ100 በታች የሆነ ውኃ የብረት ቧንቧን ሊበላ ይችላል። ጠንካራ ውኃ የሚያጠፋው ዕቃን፣ ሳሙናንና ማገዶን ነው፤ ጠጪውን አይጎዳም።

ጨው የሚሞላው ማሽን

ጨው የሚጠቀመው ማለስለሻ ሁለት ጋን አለው። በአንዱ ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች አሉ፤ እያንዳንዱ እንክብል ሶዲየም ተሸክሟል። ጠንካራው ውኃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲሞሉ ከሁለተኛው ጋን የተበጠበጠ የጨው ውኃ ያጥባቸዋል፤ ካልሲየሙ ተገፍቶ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ እንክብሎቹም እንደገና ሶዲየም ይጭናሉ። ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል፤ ውኃን በእርግጥ ያለሰልሳል። ይህን መካድ አይቻልም።

ሂሳቡ ግን ይታይ። ጥንካሬው 300 የሆነ ውኃ በቀን 200 ሊትር የሚጠቀም ቤት በዓመት ግማሽ ኩንታል ገደማ ጨው ያስፈልገዋል። ወደ መጠጡ የሚገባው ሶዲየምም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ 100 ሚሊግራም ጥንካሬ ሲወጣ 46 ሚሊግራም ሶዲየም ይተካል፤ ስለዚህ 300 የነበረው ውኃ በሊትር 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨምራል። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ካስቀመጠው የ2,000 ሚሊግራም ገደብ አንድ ሰባተኛውን በውኃ ብቻ ወሰደ ማለት ነው። የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ጨው የሚሄድበት ቦታ ነው። በደጋው ከተሞች የቤት ፍሳሽ የሚገባው ጉድጓድ ውስጥ፣ ወይም ጓሮ፣ ወይም ቦይ ነው። ከጨው የሚወጣውን ክሎራይድ ጉድጓድም አፈርም አያስቀረውም፤ ከውኃው ጋር እየሰረገ ሌላው ሰው ወደሚቀዳው የከርሰ ምድር ውኃ ይደርሳል። ሶዲየሙ ደግሞ አፈር ያበላሻል። ሸክላ የበዛበት አፈር፣ በተለይም እንደ ፎገራ ያለው ጥቁር ዋልካ፣ ሶዲየም ሲበዛበት ቅንጣቱ ይበታተንና ውኃ የማያስገባ ድፍን ይሆናል። ጎመንና ቃሪያ በእጣቢ ውኃ በሚጠጡበት ጓሮ ይህ በጥቂት ዓመታት የሚታይ ጉዳት ነው።

የሩቅ አገር ተሞክሮም ይህንኑ ይመሰክራል። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላሪታ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በድምፅ ወስነው ጨው የሚጠቀሙ አውቶማቲክ ማለስለሻዎችን ከየቤቱ አስወጥተዋል። ከቤቶቹ የሚወጣው ክሎራይድ በፍሳሽ ማጣሪያው አልፎ ወንዙ ውስጥ ስለገባና በታችኛው ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች በዚያው ወንዝ ሰብል ስለሚያጠጡ ነው። የላይኛው ሰፈር ምቾት የታችኛውን ሰፈር እርሻ ነካ። ርብና ጉማራ ወደ ፎገራ የሩዝ ማሳ እንደሚወርዱ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ጨው ለዚህ አገር ሰው ተራ ዕቃ ሆኖም አያውቅም። ከአፋር ዝቅታ በግመልና በበቅሎ የወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ሠርቷል፤ በሊቦው ይፋግ ገበያም ይሸጥበት ይለወጥበት ነበር። ዛሬ ከአፍዴራ የሚመጣው የገበታ ጨው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ደንብ አዮዲን ይጨመርበታል፤ አዮዲን በሚያንሰው ደጋ እንቅርትን የሚከላከል ጨው ነው። ያን ጨው በኩንታል ገዝቶ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ማፍሰስ ለቤቱም ለመሬቱም አይጠቅምም።

አፍልቶ ማጥለል

ያለ ጨው ከሚሠሩት ዘዴዎች የመጀመሪያው በየቤቱ ያለ ነው። የባሳልቱ ውኃ ጥንካሬ ጊዜያዊ ስለሆነ፣ ማፍላት ካልሲየሙን ያወርደዋል። ውኃው ፈልቶ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ ሳይነካ ይቀዝቅዝና ላይ ላዩ በቀስታ ይገልበጥ፤ ነጩ ዝቃጭ ከታች ይቀራል። ማግኒዚየሙ በአብዛኛው አብሮ አይወርድም፤ ከካልሲየሙ ግን ብዙው ይወጣል።

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ወደ 90 ይወርዳል። ይህ ካልሲየሙን ከማውረድ አያግደውም። ለመጠጥ ውኃ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ጀርም ለመግደል ሦስት ደቂቃ ሙሉ መፍላት አለበት። ስለዚህ በዚያው እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል። ማገዶ በተወደደበት ዘመን ውኃን ለማለስለስ ብቻ ማፍላት አይመከርም፤ ለመጠጥና ለሻይ የሚፈላውን ግን አጥልሎ መጠቀም ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ይህ ለምግብም ይጠቅማል። ባቄላና ሽምብራ በጠንካራ ውኃ ሲቀቀሉ ካልሲየሙ በፍሬው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ፔክቲን ስለሚያጠነክረው ቶሎ አይበስሉም። ንፍሮ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የሚውለው በከፍታው ብቻ አይደለም፤ ውኃውም ድርሻ አለው። ባቄላውን በዝናብ ውኃ ወይም ተፈልቶ በጠለለ ውኃ ዘፍዝፎ መቀቀል ማገዶ ይቆጥባል።

ሎሚና አቼቶ

ሁለተኛው ዘዴ ውኃውን አይለውጥም፤ የተጋገረውን ያነሣል። የሦስት ወይም የአራት ሎሚ ጭማቂ፣ ካልሆነም ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ከውኃ ጋር ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨምሮ ማሞቅና ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። ቅርፊቱ ገና ስስ እያለ በወር አንድ ጊዜ ከተሠራ አይከብድም፤ ዓመት ከቆየ ግን ካቻቢቴ ይፈልጋል። የሻወር ራስም ተፈትቶ በአቼቶ ውስጥ ቢያድር ቀዳዳው ይከፈታል። የአሉሚኒየም ዕቃ በአሲድ ውስጥ ብዙ መቆየት የለበትም፤ አሲዱ ብረቱንም ይበላዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ መጠንቀቅ ያሻል፦ ሎሚም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል።

የሻወር ማሞቂያውን ዕድሜ የሚያረዝም ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። ካልሲየም ካርቦኔት ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይዘቅጣል። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ከ75 ወይም ከ80 ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ቅርፊቱን በግልጽ ይቀንሳል፤ መብራትም ይቆጥባል።

እንዶድ

የልብስ ነገር ሲነሣ ደጋው የራሱ መልስ ነበረው። ሳሙና ፋብሪካ ሳይታወቅ ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ፍሬ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋው ግጥም ይላል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሳፖኒን ደግሞ እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ በቀላሉ ፍርፋሪ አይሆንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸው እንዶድን በዓለም አስታወቀው። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነበሩና ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተውበታል።

ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው ባሕርይ ጥንቃቄም ይጠይቃል፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። እጣቢው ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ከወንዝ ርቆ መሬት ላይ መደፋት አለበት። እንዶድ ለማያገኝ ቤት ኦሞ ከደረቅ ሳሙና ይሻላል፤ ካልሲየሙን የሚይዝ ነገር አብሮት ተሠርቷልና በጠንካራ ውኃም ያጥባል።

ቆርቆሮው

ለደቡብ ጎንደር ደጋ ከሁሉ የላቀው ለስላሳ ውኃ ከሰማይ የሚወርደው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ደብረ ታቦር በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ተራ ቤት፣ ከሚወርድበት አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ ከ30,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል።

የሚያግደው ጣራው ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞልቶ ቢዘጋ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባሉት 240 ቀናት በየቀኑ 20 ሊትር ይሰጣል። በቀን አንድ ጀሪካን ለስላሳ ውኃ ማለት ነው። ለልብስ፣ ለፀጉር፣ ለባቄላና ለማንቆርቆሪያ ይበቃል፤ ሌላውን ሥራ ቧንቧው ይሥራ። አሸንዳው ንጹሕ ይሁን፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አጥቦ ይውረድ እንጂ ወደ ሮቶው አይግባ፤ አፉም በወንፊት ይሸፈን። ለመጠጥ ከሆነ ማፍላት ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ ማከም ግድ ነው፤ የወፍ ኩስ ያለበት ጣራ ነውና።

በፋብሪካ የሚሠሩት

ያለ ጨው ይሠራሉ ተብለው ከሚሸጡት መሣሪያዎች መካከል ጠንካራ ማስረጃ ያለው ቲ.ኤ.ሲ. የሚባለው ነው። ጋኑ ውስጥ ያሉት እንክብሎች ላያቸው ላይ ጥቃቅን ስፍራዎች አሏቸው፤ ካልሲየሙ እዚያ ላይ ዓይን የማያየው ክሪስታል ሆኖ ይሠራና ተላቅቆ ከውኃው ጋር ይሄዳል። አንዴ ክሪስታል የሆነ ካልሲየም ኮይል ላይ አይጣበቅም። መብራት አይፈልግም፣ ውኃ አያባክንም፣ ፍሳሽ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ቲ.ኤ.ሲ. በማሞቂያ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት በዘጠና በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አብረው የተፈተኑት በኤሌክትሪክ ካልሲየምን የሚያዘቅጡ መሣሪያዎች የቀነሱት ግማሽ ገደማ ነው።

ልኩንም ማወቅ ይገባል። ቲ.ኤ.ሲ. ካልሲየሙን ከውኃ አያወጣም፤ ስለዚህ ሳሙናው እንደ ቀድሞው አያረፋም፣ በላብራቶሪ የሚለካው ቁጥርም አይቀንስም። ቀይ ዝገት የሚያወርድ የጉድጓድ ውኃ እንክብሎቹን ይሸፍንና ያበላሻቸዋል፤ ብረትና ደለል አስቀድሞ መጣራት አለበት። እንክብሎቹም በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ይለወጣሉ።

ሌላው ፖሊፎስፌት ነው። እየሟሟ በጥቂቱ ወደ ውኃው ይገባል፤ ካልሲየሙን ይይዝና እንዳይጋገር ያደርጋል። ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ግን ኃይሉን ያጣል። ጣና ላይ እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያደረሰውን ያየ ሰው ፎስፌት ለዚያ አረም ምግብ መሆኑን ያውቃል። ከየቤቱ የሚወጣው ከማሳ ከሚታጠበው ማዳበሪያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ወደ ጣና በሚፈሱ ወንዞች ራስ ላይ ያለ ከተማ ሌላ አማራጭ እያለው ይህን ማስቀደም የለበትም።

ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ብዙ የሚነገርለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በቤልጂየም ፓተንት ከወጣለት ጀምሮ ሲፈተን ኖሯል፤ አንዱ ሙከራ ሠርቷል ሲል ሌላው አልሠራም ይላል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የቤተሰብ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። አር.ኦ. (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) የሚባለው ማጣሪያ በእርግጥ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን የቤት ውስጡ ዓይነት ካጣራው የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ውኃ ይደፋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አይመከርም።

የቡና ማሽኑ

በደብረ ታቦር ካፌዎች ማኪያቶ የሚቀዳበት ማሽን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። በጠባብ ቱቦና በእንፋሎት ስለሚሠራ ቅርፊት ቶሎ ያንቀዋል። ከማሽኑ አጠገብ የምትቆመው፣ በየጊዜው ጨው ተጨምሮባት የምትታጠበው ትንሽ ሲሊንደር የጨዉ ማሽን ታናሽ ናት። ባለሙያው እሷን ማጠቡን በረሳ ሳምንት ውኃው እንደገና ይጠነክራል።

ለዚህ ሥራ ቲ.ኤ.ሲ. አይሆንም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክሪስታሎቹ ቦይለሩ ውስጥ ይከማቻሉና። የሚስማማው በሶዲየም ፈንታ ሃይድሮጅን የሚለቅ ካርትሪጅ ነው። ከባይካርቦኔት ጋር የሄደውን ካልሲየም ይይዛል፤ ሃይድሮጅኑና ባይካርቦኔቱ ተገናኝተው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ጨው አይገባበትም፤ ሲያልቅ ይለወጣል። በጂፕሰም አገር ብዙም አይረዳም። በባሳልት አገር ግን ዒላማውን ያገኛል። የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር (ኤስ.ሲ.ኤ.) ለጥሩ ቡና የሚመክረው ጥንካሬ ከ50 እስከ 175 ስለሆነ ጨርሶ የለሰለሰ ውኃም አይፈለግም። ትንሽ ካልሲየምና ማግኒዚየም የቡናውን ጣዕም ያወጣሉ።

ማለስለስና ማጣራት ይለያያሉ

እዚህ ላይ የተነገሩት ዘዴዎች፣ ከማፍላቱ በቀር፣ አንድም ጀርም አይገድሉም። ማለስለሻ የገዛ ቤት ንጹሕ ውኃ ገዛሁ ብሎ ክሎሪኑን ቢተው ተቅማጥ ሊገባበት ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለውን የፍሎራይድ ችግርም ማፍላትም ሆነ ቲ.ኤ.ሲ. ወይም ካርትሪጁ አይፈታውም። ሻጭ ሁሉንም በአንድ ዕቃ እፈታለሁ ሲል ገዥው የላብራቶሪ ወረቀት ይጠይቀው።

ወረቀቱ ደግሞ አለ። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ለከተማ ሲሰጥ የውኃው ኬሚካላዊ ምርመራ ይሠራል፤ ጥንካሬውም ከሚለኩት አንዱ ነው። የከተማው ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ይህን ቁጥር በየሰፈሩ ለይቶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፍ ወጪው የወረቀት ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪዎችም በልምምዳቸው የየቀበሌውን ቧንቧ፣ ቦኖና ምንጭ በክረምትና በበጋ እየለኩ ካርታ ቢሠሩለት ከተማው ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕውቀት ያገኛል። ጥንካሬው ከልክ ያለፈ ጉድጓድ ከተገኘም፣ በየቤቱ ማሽን ከመደርደር ይልቅ በአንድ ቦታ ማለስለስ ይቻላል። ሆላንድ ለአሥርት ዓመታት የምታደርገው ይህን ነው፤ በጣቢያው ካልሲየሙን በእንክብል መልክ አውጥታ ለሌላ ሥራ ታውለዋለች፣ ነዋሪውም የለሰለሰ ውኃ በቧንቧው ያገኛል።

እስከዚያው ለአንድ የደጋ ቤተሰብ የሚበጀው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ በጠርሙስና በሳሙና መፈተን፤ ከዚያ የአገልግሎቱን ቁጥር መጠየቅ። ከ120 በታች ከሆነ ሎሚው ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አሸንዳና ሮቶ ይቅደም፤ የማሞቂያው ሙቀት ዝቅ ይበል። ከ200 ካለፈና ውድ ማሞቂያ ያለበት ቤት ወይም ሆቴል ከሆነ ቲ.ኤ.ሲ. ይታሰብ፤ የቡና ማሽን ያለው ካፌ ካርትሪጁን ይያዝ። ከእነዚህ አንዱም ጨው ወደ ጓሮ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ጣና አይልክም። ጉና የሚሰጠን ውኃ በእነዚህ የሚገራ ዓይነት ነው፤ የጨው ማሽን ከመግዛታችን በፊት ይህን ማወቅ መብታችንም ኃላፊነታችንም ነው።